ከፓስታው ሳህን እስከ ባዶው ሳህን፦ በሰው ምግብ ላይ መቀለድ ስድብ የሚሆነው መቼ ነው?

ኦገስት 24 ቀን 2016 ሊነጋጋ ሲል መካከለኛውን ጣሊያን የመታ የመሬት መንቀጥቀጥ አማትሪቼ የምትባለውን የተራራ ከተማ አፈራረሳት። በአካባቢው ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አለቀ። አማትሪቼ ከጣሊያን ውጪ የምትታወቀው በምግቧ ነው፤ ስሟን በወረሰው፣ ከአሳማ ጉንጭ ሥጋ፣ ከበግ ወተት አይብና ከቲማቲም በሚሠራው የፓስታ ስጎ። አደጋው የደረሰው ከተማዋ ይህንኑ ምግቧን የምታከብርበት ዓመታዊ በዓል ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ከዚያ በኋላ በጣሊያንና በሌሎች አገሮች ያሉ ምግብ ቤቶች ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ የአማትሪቻና ሳህን ሁለት ዩሮ ለተጎጂዎች መለገስ ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ሻርሊ ኤብዶ የተባለው የፈረንሳይ የስላቅ ጋዜጣ አንድ ካርቱን አወጣ። ርእሱ «የመሬት መንቀጥቀጥ በጣሊያን አሠራር» የሚል ነው፤ ልክ በምግብ ቤት የምግብ ዝርዝር ላይ እንደሚጻፈው። በደም የተነከረ ሰው ቆሟል፤ ከበላዩ «ፔኔ በቲማቲም ስጎ» ተብሎ ተጽፏል (ፔኔ የፓስታ ዓይነት ነው)። አጠገቡ ቆዳዋ የተላላጠ ሴት አለች፤ እርሷ ደግሞ በምድጃ የተጋገረ ፔኔ ናት። ቀጥሎ በፍርስራሽ ንብርብሮች መካከል የተቀበሩ ሰዎች እግር ብቻ ይታያል፤ «ላዛኛ» (በንብርብር የሚሠራ የፓስታ ምግብ) ይላል። ጣሊያን በቁጣ ተነሣች። የአማትሪቼ ማዘጋጃ ቤት በስም ማጥፋት ክስ አቀረበ። ሮም የሚገኘው የፈረንሳይ ኤምባሲም ካርቱኑ የፈረንሳይን አቋም እንደማይወክል ማስታወቅ ግድ ሆነበት።

አንድ ምግብ በአንድ ሰሞን ለርዳታም ለፌዝም ዋለ። በሌላ ሕዝብ ባህልና ምግብ ላይ የሚነገር ቀልድ ከሳቅ ወደ ስድብ የሚሻገረው የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነገር በተከሰተ ቁጥር ይነሣል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል፤ አንዱ ወገን «ቀልድ ነው፣ ቻለው» ይላል፣ ሌላው «የሰው ባህል አይነካም» ይላል። ነገሩ ግን አሠራር አለው፤ ገጣጥሞ ማየት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

## ስላቅ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቀልድ ለማሳቅ ብቻ ሊነገር ይችላል። ስላቅ ግን የሚያጋልጠው ነገር አለው፤ ግብዝነትን፣ ትዕቢትን፣ ሞኝነትን ወይም የባለሥልጣንን ብልግና አጋንኖ እያሳየ ያስቃል። ስለዚህ በስላቅ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ርእሱ ነው፤ ቀልዱ የሚያወራለት ነገር። ሌላው ዒላማው ነው፤ ቀልዱ የሚወጋው ነገር። ስለ ፓስታ የሚያወራ ስላቅ የግድ ፓስታ በሊታውን ይወጋል ማለት አይደለም። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው፤ ተመልካቹ ርእሱን ዒላማ አድርጎ ሲወስደው፣ ወይም ቀልደኛው ዒላማውን በርእሱ ሲሸፍነው።

በ1792 መጨረሻ ለንደን ውስጥ የታተመውን የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የጄምስ ጊልሬይን ካርቱን እንመልከት። ሥዕሉ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንደኛው ወገን አጥንቱ የገጠጠ ፈረንሳዊ ጥሬ ሽንኩርት እየጋጠ አብዮቱ ያመጣለትን ነጻነት፣ የወተትና የማር ዘመኑን ያወድሳል። በሌላው ወገን ቦርጩ የተዘረገፈ እንግሊዛዊ ግዙፍ የበሬ ሥጋ እየቆረጠ መንግሥት በግብር ብዛት በረሃብ ሊፈጀን ነው እያለ ያማርራል። ፈረንሳይን በቀጭን ሾርባና በቀንድ አውጣ፣ እንግሊዝን በጥብስ ሥጋ መመሰል ያኔም አዲስ አልነበረም። ጊልሬይ የጨመረው የራሱን አገር ሰው ነው። ሽንኩርት በሊታው በባዶ ሆዱ ይፎክራል፤ ሥጋ በሊታው ጠግቦ ያለቅሳል። ምግቡ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ እንጂ የተወጋው ሁለቱም ሰዎች ለራሳቸው የሚነግሩት ውሸት ነው።

ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1748 ዊልያም ሆጋርት የሳለው ሌላ ሥዕል ግን ከዚህ ይለያል። እንግሊዛዊው ሆጋርት በፈረንሳይ ካሌ ወደብ ላይ የከተማዋን በር ሲነድፍ ሰላይ ነህ ተብሎ ተያዘ፤ አገሩ እንደተመለሰ የሳለው ሥዕል ክስት ያሉ የፈረንሳይ ወታደሮች ከእንግሊዝ የመጣ ሙዳ የበሬ ሥጋ ሲያልፍ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ ያሳያል። አሣሣሉ የሚደነቅ ነው። ቂም የነዳው ሥራ መሆኑም አይካድም።

## ከሁሉ ነገር ምግብ ለምን እንዲህ ያስቆጣል?

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ የሆነው ፖል ሮዚን ከባልደረቦቹ ጋር በ1980ዎቹ ያደረገው ሙከራ አለ። ከጀርም የጸዳ የሞተ በረሮን በጭማቂ ውስጥ ነክረው አወጡ፤ ከዚያ ሰዎችን ጠጡ አሏቸው። ሰዎቹ በረሮው ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ጭማቂውን ጠሉት። ጥላቻው ከጤና ስጋት የመጣ አልነበረም። ሮዚን እንደሚያስረዳው ሰው የሚጸየፈው ነገር የነካውን ሁሉ እንደ ረከሰ ይቆጥራል፤ ይህም ስሜት አብሮን አይወለድም። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ የሚበላና የማይበላውን የሚያስተምረው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ሰው ስለ ምግብ ያለው ስሜት ከእናቱ፣ ከቤቱና ከሃይማኖቱ ተለይቶ አይታይም።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአንድ ሰርግ ላይ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይወጠወጣል። በሬው አንድ ዓይነት ነው፤ ያረደው እጅና ሲታረድ የተጠራው ስም ግን ለየቅል ነው። ጎረቤታሞቹ ይህን እንደ ስድብ አይቆጥሩትም፤ እንዲያውም ባለሰርጉ ለሌላው ወገን ለብቻ ማዘጋጀቱ የአክብሮት ምልክት ነው። ያንኑ ልዩነት አንድ ሰው መሳለቂያ ቢያደርገው ግን የድግሱ ድንኳን ወዲያው ይፈርሳል።

ሌላም ነገር አለ። ጸያፍ የተባለ ምግብ በሊታውን ይዞት ይሄዳል። እንግሊዞች ፈረንሳዮችን «እንቁራሪቶች» ሲሉ ኖረዋል፤ ፈረንሳዮችም እንግሊዞችን «ጥብስ ሥጋዎች» ይሏቸዋል፤ በዓለም ጦርነቶች ጊዜ የጀርመን ወታደር ለጠላቶቹ «ጎመን» ነበር። በሦስቱም ስሞች ውስጥ ሕዝቡ ጠፍቶ ሳህኑ ቀርቷል። በምግብ የሚሰነዘር ስድብ ለመሳደብ እንዲህ ቀላል የሆነው ለዚህ ነው፤ ለመካድም ቀላል ነው፤ «ያልኩት እኮ ስለ ምግቡ ነው» ማለት ይቻላል።

## ቀልዱ የሚወጋው ማንን ነው?

በብሪታንያ ዓርብ ማታ መጠጥ ቤት አምሽቶ፣ ሞቅ ብሎት፣ ወደ ሕንድ ምግብ ቤት ጎራ ማለት የብዙ ወጣቶች ልማድ ሆኖ ኖሯል። ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት በአብዛኛው ከባንግላዴሽ፣ በተለይም ከሲልሄት የመጡ ሰዎች ናቸው። ሰካራሞቹ አስተናጋጁን ስሙን አበላሽተው ይጠራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ከጓደኞቻቸው ፊት ወንድነታቸውን ለማሳየት «ከሁሉ የሚያቃጥለውን አምጣ» ብለው ያዛሉ።

በ1998 ቢቢሲ ላይ መታየት የጀመረው «ጉድነስ ግሬሸስ ሚ» የተባለ የእስያዊ ብሪታንያውያን አስቂኝ ዝግጅት ይህን ልማድ ገለበጠው። ቦምቤይ ውስጥ ሞቅ ያላቸው ሕንዶች ወደ እንግሊዝ ምግብ ቤት ይገባሉ። ነጩን አስተናጋጅ ስሙን እያጣመሙ ይጠሩታል። አንደኛው ደረቱን ነፍቶ «ከዝርዝራችሁ ውስጥ ከሁሉ የማይጥመው፣ ቅመም የሌለበት የትኛው ነው?» ይላል። ከዚያ የተጠበሰ ድንች በሳህን በሳህን ያዛሉ።

በላይ በላዩ ለተመለከተው ቀልዱ የእንግሊዝን ምግብ አልጫነት የሚያማ ነው። ነገር ግን እንግሊዛውያን ራሳቸው ከልባቸው ሳቁበት፤ ዛሬም ድረስ ይጠቅሱታል። ለምን? ርእሱ የእንግሊዝ ምግብ ቢሆንም ዒላማው የደንበኛው ባህርይ ነበርና። የተገለበጠው መስተዋት ያሳያቸው ማዕዳቸውን ሳይሆን ራሳቸውን በሰው ቤት ውስጥ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን ቀልድ የጻፉት ሰዎች የእነዚያን ምግብ ቤቶች ዓለም በቅርብ የሚያውቁ ነበሩ። የአስተናጋጁን ድምፅ፣ የደንበኛውን ጉራ፣ የምናሌውን አጻጻፍ ሳይቀር ያውቁታል። ዕውቀቱ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ይታያል።

## ሁለቱ አገሮች እኩያ ሲሆኑስ?

ስለ ስላቅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መመዘኛ «በጉልበተኛ ላይ ይቀለድ፣ በደካማ ላይ አይቀለድ» የሚል ነው። መመዘኛው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አማትሪቼን አያስረዳም። ጣሊያን በፈረንሳይ ፊት ደካማ አይደለችም፤ የጣሊያን ምግብም ፓሪስ ውስጥ ማንም የሚንቀው አይደለም።

አማትሪቼን የሚያስረዳው ጊዜው ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ማግሮና ባልደረቦቹ ሰው የሚስቀው አንድ ነገር ሥርዓትን ሲጥስና በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጉዳት የሌለው መስሎ ሲታየው ነው ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሳቅ የለም፤ ጥሰት ከሌለ ነገሩ ደባሪ ነው፣ ጉዳቱ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ያማል። በ2012 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለ መታው ሳንዲ ስለተባለው አውሎ ነፋስ የተነገሩ ቀልዶችን በተለያየ ጊዜ ሰዎችን እያስነበቡ ሞከሩት። አደጋው እንደ ደረሰ ቀልዶቹ አላሳቁም፤ ከአንድ ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ ከፍተኛውን ሳቅ አገኙ፤ ሦስት ወር ሲያልፋቸው ደግሞ ደበዘዙ። የሻርሊ ኤብዶ ካርቱን የወጣው አስከሬን ተፈልጎ ሳያልቅ ነው። ጋዜጣው ቁጣውን ባየ ጊዜ ሌላ ካርቱን አክሎ ቤታችሁን የሚሠራው ሻርሊ ሳይሆን ማፍያ ነው የሚል መልእክት አስተላለፈ። ልብ በሉ፤ ዒላማው ግልጽ የሆነው በሁለተኛው ካርቱን ነው። ከመጀመሪያው ይህ ቢሆን ኖሮ ጣሊያን ውስጥም አብሮ የሚቆጣ ሰው በተገኘ ነበር፤ በብልሹ ግንባታ ጣሊያናውያን ራሳቸው ያለቅሳሉና። በመጀመሪያው ላይ ግን ከሬሳውና ከፓስታው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

በማርች 2020ም ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። ካናል ፕሉስ የተባለው የፈረንሳይ ቴሌቪዥን አንድ የሚያስል ጣሊያናዊ ፒዛ ጋጋሪ በሊጡ ላይ አክታውን ሲረጭ የሚያሳይ አጭር ፊልም አስተላለፈ፤ «የኮሮና ፒዛ» ነው። ያኔ ጣሊያን በአውሮፓ ከሁሉ ይልቅ በወረርሽኙ የተመታች አገር ነበረች። ጣቢያው ይቅርታ ጠይቆ ፊልሙን አነሣ። የጣሊያኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሉዊጂ ዲ ማዮ ደግሞ የፈረንሳይን አምባሳደር ሮም ውስጥ ፒዛ ጋብዞ አብሮ በላ። ከሁሉም ምላሾች ይህ ብልህነት የነበረው ይመስለኛል።

## አለማወቅ ቀልድ ይሆናል ወይ?

በኦገስት 2021 ዋሽንግተን ፖስት በተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ይጽፍ የነበረው ታዋቂው ቀልደኛ ጂን ዋይንጋርተን የማይበላቸውን ምግቦች ዝርዝር አወጣ። የጽሑፉ ዘይቤ ራሱን እንደ ነጭናጫ ሕፃን አድርጎ ማቅረብ ነበር። ስለ ሕንድ ምግብ ሲደርስ ግን መላው የአገሪቱ አሠራር በአንድ ቅመም ብቻ፣ በከሪ ላይ የተመሠረተ ነው አለ። ሕንድ ከአንድ ቢሊዮን ሕዝብ በላይ ያለባት፣ በየክልሉ ዘይቱ፣ እህሉና ቅመሙ የሚለያይ አገር ናት፤ ከሪ ደግሞ አንድ ቅመም አይደለም። ትውልደ ሕንዷ የምግብ ጸሐፊ ፓድማ ላክሽሚ በአደባባይ መለሰችለት። ዋይንጋርተን በመጀመሪያ ቀልዱን አጠንክሮ ያዘ፤ በኋላ ግን አንድ ምግብ መጥቀስ ሲገባኝ ሙሉውን ባህል መጥቀሴ ስድብ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ጋዜጣውም የሕንድ ምግብ ብዙ የቅመም ቅልቅሎችና ብዙ ዓይነት አሠራሮች እንዳሉት የሚገልጽ እርማት አወጣ።

በአስቂኝ ዓምድ ላይ የመረጃ እርማት ማውጣት ራሱ ያስቃል። ነገር ግን ችግሩን በትክክል ያሳያል። ቀልደኛው ዒላማው ራሱ መሆኑን ምሎ ቢናገር ያምኑታል፤ ጽሑፉም እንደዚያ ነበር። ቀልዱ የቆመበት መሠረት ግን ውሸት ነው፤ አንባቢው እንዲስቅ ከተፈለገ አንባቢውም እንደ ጸሐፊው አለማወቅ አለበት። የቦምቤዩ ቀልድ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ባወቅህ ቁጥር ያስቅሃል።

የፋሽን ድርጅቱ ዶልቼ ኤንድ ጋባና ይህን ልዩነት በገንዘብ ከፍሎ ተማረው። በኖቬምበር 2018 ሻንጋይ ውስጥ ሊያካሂድ ለነበረው ታላቅ ትርኢት ማስታወቂያ አንዲት ቻይናዊት ሞዴል ፒዛን፣ ስፓጌቲንና ካኖሊ የተባለውን የጣሊያን ጣፋጭ በትልቁ ተሠርቶ በመመገቢያ እንጨቶች ለመብላት ስትቸገር፣ አንድ የወንድ ድምፅም እንዴት እንደምትበላ ሲያስተምራት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ለቀቀ። ስፓጌቲን በእንጨት መብላት ለቻይና ሰው ምኑም እንግዳ አይደለም፤ ረጅም ኑድል ሲበላ ነው የኖረው። የድርጅቱ ሰዎች ይህን አላሰቡም ወይም ግድ አልሰጣቸውም። በተጨማሪም ከአንደኛው መሥራች የኢንስታግራም መለያ የወጡ፣ ቻይናን የሚሳደቡ መልእክቶች ተሰራጩ፤ ድርጅቱ መለያው ተጠልፏል አለ። ትርኢቱ ሊጀምር ሰዓታት ሲቀሩት ተሰረዘ፣ ትልልቆቹ የቻይና የኢንተርኔት መደብሮች ዕቃዎቹን አወረዱ፣ ሁለቱ መሥራቾችም በቪዲዮ በቻይንኛ ይቅርታ ጠየቁ።

ዕውቀት ሳይጎድልም መጸየፉ ብቻ የቀልዱ ሞተር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጄምስ ኮርደን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያቀርበው በነበረ ጨዋታ እንግዳው ወይ አሳፋሪ ጥያቄ ይመልሳል ወይ ፊቱ የቀረበለትን ይበላል። ከቀረቡት መካከል ጫጩት የቋጠረ የተቀቀለ የዳክዬ እንቁላል፣ የዶሮ እግርና ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የተደረገ የቻይና እንቁላል ነበሩ፤ በፊሊፒንስና በቻይና ሰው ወዶ ገዝቶ የሚበላቸው። በ2021 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተቃውሞ ፈረመ፤ ኮርደንም እነዚህን ምግቦች ዳግም እንደማይጠቀም ተናገረ። እዚህ ላይ የሚጋለጥ ግብዝነት የለም፤ የሰው እራት እንደ ቅጣት ቀረበ፣ ያ ብቻ ነው።

## በእኛ ምግብ ሲቀለድስ?

ስለ ኢትዮጵያ ምግብ በአውሮፓ የተነገረው ፌዝ ዕድሜው ረጅም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1774 ወደ ለንደን ተመልሶ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥሬ ሥጋ እንደሚበላ፣ ሰዎች በቁሟ ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ቁስሉን በቆዳዋ ሲሸፍኑም አይቻለሁ ብሎ ሲናገር ሳቁበት። በ1790 መጽሐፉን ሲያወጣም ፌዙ አልበረደም። በጊዜው የተሳለቁበት ሰዎች ዒላማ ብሩስ ነበር፤ ዋሾ ነው ይሉት ነበር። ሐበሻ በቀልዱ ውስጥ የገባው ሊታመን የማይችል ወሬ ሆኖ ነው። ኋላ ግን ብሩስ ተረሳና ስለ ሕዝቡ የተነገረው ምስል ብቻውን ቀረ። ዒላማ ያልነበረ ሰው እንዲህ በጊዜ ብዛት ዒላማ ይሆናል።

የ1984ቱ ረሃብ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ፤ በቀጣዩ ጁላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ፤ በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ስለ ኢትዮጵያውያን ረሃብ የሚቀለዱ ቀልዶች ይዛመቱ ጀመር። በ1989 በወጣ አንድ ታዋቂ የሆሊውድ የፍቅር ፊልም ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወደ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሊወጣ ከተቀጣጠራት ሴት ጋር ስላጋጠመው ያወራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ መኖሩን አላውቅም ነበር፣ ሁለት ባዶ ሳህን አዝዘን ቶሎ እንወጣለን ብዬ ቀለድኩላት ይላል። እዚያው ላይ ሴቲቱ ፈገግ እንኳን እንዳላለች ይጨምራል። እንግዲህ ፊልሙን በጥንቃቄ ያየ ሰው ቀልዱ በሰውየው ላይ የወደቀ መሆኑን ይረዳል። ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን ባዶው ሳህን ነው።

ያ ፊልም ሲወጣ ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት ዋሽንግተን ውስጥ ከተከፈተ አስር ዓመት አልፎት ነበር፤ የተከፈተው በ1978 ነው። አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈርም አሜሪካውያን በመሶብ ዙሪያ ተቀምጠው እንጀራ በእጃቸው ይቆርሱ ነበር። ኢትዮጵያዊው ባለ ምግብ ቤት ግን ለዓመታት «እናንተ አገር ምግብ አለ እንዴ?» የሚል ደንበኛ ማስተናገድ ነበረበት። እንጀራን ከስፖንጅ ጋር የሚያመሳስል ሰው ቢያንስ እንጀራን አይቷል፤ ስለዚህ ብዙ አልቀየመውም። የባዶ ሳህኑ ቀልድ የሚቆመው በሞቱ ሰዎች ላይ ነው።

ሳውዝ ፓርክ የተባለው የአሜሪካ የካርቱን የስላቅ ዝግጅት በኖቬምበር 1997 ያስተላለፈው ክፍል ይበልጥ ያስቸግራል። አራት አሜሪካውያን ልጆች በነጻ የሚሰጥ የእጅ ሰዓት ለማግኘት ብለው ለርዳታ ድርጅት ይደውላሉ፤ በስሕተት የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይላክላቸዋል። ነገሩ የሚሆነው አሜሪካውያን በቱርክ ሥጋ በሚጠግቡበት በምስጋና ቀን ሰሞን ነው። ስላቁ ስለታም ነው፤ የሚወጋውም የአሜሪካውያንን ሆዳምነትና ለታይታ የሚደረግ ልግስናን ነው። እንደ ስላቅ ከብዙዎቹ የተሻለ ሥራ ይመስለኛል። ለኢትዮጵያዊው ልጅ ያወጡለት በረሃብ ላይ የተመሠረተ ቅጽል ስም ግን ከክፍሉ ወጥቶ ብቻውን የሚሄድ ነው፤ አሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ስም የሚጮኽበት ሐበሻ ልጅ ስለ ልግስና ግብዝነት የተሰነዘረውን ትችት አብሮ አይሰማም።

## «ቀልድ ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ እስከ የት ያስኬዳል?

ቶማስ ፎርድና ማርክ ፈርጉሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2004 ያቀረቡት ማብራሪያ እዚህ ይጠቅማል። አንድን ወገን የሚያዋርድ ቀልድ ጥላቻ የሌለበትን ሰው ጠላተኛ አያደርገውም ይላሉ። ቀድሞም ጥላቻ ያለበትን ግን «እዚህ ቦታ ይፈቀዳል» ብሎ ያደፋፍረዋል። ፎርድና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት ሴቶችን የሚያንቋሽሹ ቀልዶች የተነገሯቸው፣ ለሴቶች ቀድሞም ጥላቻ የነበራቸው ወንዶች ለአንድ የሴቶች ድርጅት ለመለገስ የፈቀዱት ገንዘብ አነሰ። ሌሎቹ ላይ ያ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት አለው፤ «ሰው በቀልድ ዘረኛ አይሆንም» የሚለውም፣ «ቀልዱ ጉዳት አለው» የሚለውም።

ጉዳቱ በኪስም ይገባል። በ1968 አንድ ትውልደ ቻይና ሐኪም ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ለተባለው የሕክምና መጽሔት በላከው ደብዳቤ በቻይና ምግብ ቤት ስበላ አንገቴን ይደነዝዘኛል፣ ምክንያቱ ምን ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ ከጠረጠራቸው ነገሮች አንዱ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው፣ ምግብ የሚያጣፍጠው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የተባለ ቅመም ነበር። መጽሔቱ ደብዳቤውን «የቻይና ምግብ ቤት ሕመም» በሚል ርእስ አወጣው። ቀጥለው የመጡት ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ ግማሽ ቀልድ ነበሩ፤ ጋዜጦች ግን የምር አደረጉት። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥብቅ ሙከራዎች ያንን ሕመም በአስተማማኝ ሁኔታ ማሳየት አልቻሉም፤ ንጥረ ነገሩም በቲማቲምና በፓርሜዛን አይብ ውስጥ በተፈጥሮው አለ፣ ሆኖም የጣሊያን ምግብ ቤት ሕመም የሚባል ነገር ሰምተን አናውቅም። የቻይና ምግብ ቤቶች ግን ለአሥርተ ዓመታት «ያ ቅመም የለብንም» የሚል ጽሑፍ በመስኮታቸው ሲለጥፉ ኖሩ። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ስያሜው ያረጀና የሚያስቀይም መሆኑን የጻፈው በ2020 ነው።

## ሕጉ ምን ይላል?

ባጭሩ፣ ማስቀየም ወንጀል አይደለም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከ1976 ጀምሮ የመናገር ነጻነት የሚያስቀይምና የሚያስደነግጥ ሐሳብንም እንደሚያካትት ሲወስን ኖሯል፤ በ2007 ደግሞ ስላቅ በባሕርዩ አጋንኖና አጣምሞ የሚያሳይ፣ ለመተንኮስ የተሠራ ኪነ ጥበብ መሆኑን አስፍሯል። የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ (ቁጥር 1185/2012 ዓ.ም.) የሚከለክለው ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማነሣሣትን ነው፤ የኪነ ጥበብ ፈጠራንም ከክልከላው ውጪ አድርጓል። በምግብ ምክንያት የሚነሣ ቅያሜ እንግዲህ የሚፈታው ከፍርድ ቤት ውጪ ነው፤ በይቅርታ፣ በገበያ ቅጣት ወይም በሚኒስትሩ ፒዛ።

## መልስ የማይገኝለት ጉዳይ አለ?

አለ። ስዊድን ማልሞ ከተማ ውስጥ በኦክቶበር 2018 የተከፈተ «የአስጸያፊ ምግቦች ሙዚየም» አለ። 80 ያህል ምግቦች ተደርድረዋል፤ የሰርዲኒያ ትል ያለበት አይብ፣ የአይስላንድ የተብላላ ሻርክ፣ የፔሩ የጊኒ አሳማ ጥብስ፣ እንዲሁም ስዊድናውያን ራሳቸው የሚበሉት፣ ሽታው የሚያሳድድ የጣሳ ዓሣ። የመግቢያ ትኬቱ ለማስታወክ የሚያገለግል ከረጢት ነው። አዘጋጆቹ መጸየፍ የሰው ሁሉ ስሜት ቢሆንም የሚጸየፉት ነገር ግን በአስተዳደግ እንደሚወሰን ለማሳየት ነው ይላሉ፤ የራሳቸውን አገር ምግብ መጨመራቸውም ክርክራቸውን ያጠናክራል። ተቃዋሚዎች ደግሞ ከእስያና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ምግብ «አስጸያፊ» ከሚል ሰሌዳ በታች ሲቀመጥ ጎብኚው ይዞት የሚወጣው ንቀቱን ነው ይላሉ።

እኔ ብጠየቅ ትርኢቱን እንዳለ ትቼ ከረጢቱን አስቀራለሁ። በመስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ምግቡን ማን፣ ለምንና እንዴት እንደሚበላ ይነግራል፤ ያነበበ ጎብኚ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ከረጢቱ ግን ገና በሩ ላይ፣ ጎብኚው አንድም ምግብ ሳያይ፣ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ይነግረዋል።